ማሽኑ ቦንድ እንጂ ስም አያውቅም

ባለፈው እትም ስለ ኢንፍራሬድ ስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም ንጥረ ነገርን ዓይን በማያየው ብርሃን ስለ መመርመር፣ ጥቂት መስመር ብቻ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥያቄ ግን ብዙ ነው። ከተማሪ፣ ከቅቤ ነጋዴ፣ ከግንበኛ ሳይቀር ደርሶኛል። አራቱን መርጬ ዛሬ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል። የቀሩት በእሱ ላይ ስለሚቆሙ ነው።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ኢንፍራሬድ ላይ ግራ ገብቶኛል። የትኛው ቦንድ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚወጣ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ሸምድደን ፈተና ላይ ስንቀመጥ ድራሹ ይጠፋል። በቅርቡ አንድ ያልታወቀ ፈሳሽ ተሰጥቶን ነበር። 4 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን እንዳለው ተነግሮናል። ግራፉ ላይ 1740 አካባቢ ትልቅ ፒክ አለ። 1240 እና 1050 አካባቢም ጠንከር ያሉ አሉ። 2980 አካባቢ ትንንሾች አሉ። 2 ኦክስጅን ስላለው አሲድ ነው ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ሆነብኝ። ለምን?»
ተማሪ፣ ከማራኪ

መልስ

የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ሠንጠረዡን ለጊዜው አስቀምጪው። ሠንጠረዥ የሚጠፋው ምክንያቱ ሳይገባን ስንሸመድደው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው።

ሁለት አተሞችን የሚያያይዘው ቦንድ ቆሞ አያውቅም። ይሳባል፣ ይመለሳል፣ ይታጠፋል። ሁልጊዜ ይነዝራል፤ የሚነዝረውም በራሱ ፍጥነት ነው። ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያርፍበት ከራሱ ፍጥነት ጋር የሚገጥመውን ይውጣል፣ ሌላውን ያሳልፋል። ማሽኑ የትኛው ብርሃን እንደጎደለ ይመዘግባል። ግራፉ ማለት ይኸው ነው፤ ፒክ የምንለውም ብርሃኑ የተዋጠበትን ቦታ ነው። ከግርጌው የተጻፈው ቁጥር በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ሞገድ እንደሚገባ ይናገራል። ብዙውን ጊዜ ከ4000 እስከ 400 ያለውን ነው የምንለካው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ንዝረቱ ይፈጥናል።

ፍጥነቱን የሚወስኑት የቦንዱ ጥንካሬና የአተሞቹ ክብደት ናቸው። ክራር የያዘ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል። ክሩ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፣ ክሩ ሲወፍር ድምፁም ይወፍራል።

በቁጥር እንየው። ካርቦንና ኦክስጅን በነጠላ ቦንድ ሲያያዙ ፒካቸው ከ1000 እስከ 1300 ባለው ውስጥ ይወድቃል። እነዚያው ሁለት አተሞች በድርብ ቦንድ ሲያያዙ ጥንካሬው በግምት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ ግን የሚያድገው በጥንካሬው ስኩዌር ሩት ነው። እስቲ 1200ን በ1.41፣ በ2 ስኩዌር ሩት፣ አባዢው። 1700 አካባቢ ትደርሻለሽ። ካርቦኒል የምንለው ይህ የካርቦንና የኦክስጅን ድርብ ቦንድ የሚወጣበት ቦታ ነው! ይህን ስሌት ክፍል ውስጥ ስሠራው ሁሌ ደስ ይለኛል፤ ተማሪው ሠንጠረዡን በገዛ እጁ ሲሠራው ስለማይ።

ክብደቱም እንደዚሁ ነው። ሃይድሮጅን ከአተሞች ሁሉ ቀላሉ ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅን የያዙ ቦንዶች ወደ ላይኛው ቁጥር ይሄዳሉ። ሲ–ኤች፣ የካርቦንና የሃይድሮጅን ቦንድ፣ 3000 አካባቢ ነው። የአልኮል ኦ–ኤች፣ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቦንድ፣ ከ3200 እስከ 3600 ባለው ውስጥ ሰፋ ብሎ ይቀመጣል። ሃይድሮጅኑን አውጥተሽ በእጥፍ የሚከብደውን የሃይድሮጅን ዓይነት፣ ዲዩቴሪየምን፣ ብትተኪበት 3400 አካባቢ የነበረው ፒክ ወደ 2500 አካባቢ ይወርዳል። የቦንዱ ጥንካሬ ያው ነው፤ የተለወጠው ክብደቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፈሳሽሽ እንምጣ። ግራፉን ከማየትሽ በፊት ፎርሙላውን ጠይቂው። 4 ካርቦን ያለው ሰንሰለት ሃይድሮጅን ሲጠግብ 10 ይይዛል። ያንቺ 8 ነው። 2 ጎድሏል። ስለዚህ ያለው አንድ ድርብ ቦንድ ወይም አንድ ቀለበት ነው፣ ከዚያ አያልፍም። 1740 ላይ ያለው ትልቅ ፒክ ካርቦኒል ነው። ያ አንዱ ድርብ ቦንድ እዚያ አለቀ። ሌላ ድርብ ቦንድ አትፈልጊ፣ ቀለበትም አትፈልጊ።

አንድ ኦክስጅን ቀረ። አሲድ ቢሆን ኖሮ ያ ኦክስጅን ሃይድሮጅን ይይዝ ነበር። የአሲድ ኦ–ኤች ደግሞ አይደበቅም። ከ3300 ጀምሮ እስከ 2500 ድረስ እንደ ትልቅ ገደል ይዘረጋል፤ የሲ–ኤች ፒኮችን ሳይቀር ውጦ ጫፋቸውን ብቻ ያስቀራል። ካርቦኒሉም ወደ 1710 አካባቢ ዝቅ ይላል። ያንቺ ግራፍ ላይ ግን የሲ–ኤች ፒኮች ንጹሕ ሆነው ይታያሉ። ከ3000 በላይ ያለው ሜዳ ነው። የሌለው ነገር ነው እዚህ ጋ መልሱን የሚሰጥሽ። አብዛኛው ተማሪ ያለውን ፒክ ብቻ ይቆጥራል። አንቺ የሌለውንም ቁጠሪ።

ሃይድሮጅን ከሌለው ያ ኦክስጅን በሁለት ካርቦኖች መካከል ነው ያለው። ከጎኑ ካርቦኒል አለ። ይህ ኢስተር ነው። 1740 የተለመደው የኢስተር ቦታ ነው። 1240 ላይ ያለው ብርቱ ፒክ ደግሞ ወደ አሲቴት፣ ከኮምጣጤ አሲድ ወደሚሠራው ኢስተር፣ ይመራል። ስለዚህ በእኔ ግምት ፈሳሽሽ ኢቲል አሲቴት ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ላይ የምናውቀው ዓይነት ሽታ ያለው።

ግምት ያልኩት አውቄ ነው። ያው ፎርሙላ ያለው ሌላ ኢስተር፣ ሜቲል ፕሮፓኖኤት፣ ካርቦኒሉ እዚያው አካባቢ ነው። የሚለያዩት ከ1500 በታች ባለው ጥቅጥቅ ያለ ክፍል ነው። ያ ክፍል የሞለኪውሉ የጣት አሻራ ነው። የእያንዳንዱን ፒክ ትርጉም ለማወቅ አትድከሚበት። የታወቀ ናሙና ግራፍ አምጥተሽ ጎን ለጎን አስተያዪው። እንዲህ ያለ የግራፍ ስብስብ መጀመሪያ በሰፊው ያሳተመው አሜሪካዊው ዊሊያም ኮብሌንትዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1905። አንድ ቡድን በየትኛውም ሞለኪውል ውስጥ ቢገባ ያው ቦታ አካባቢ ፒክ እንደሚሰጥ ከእነዚያ ግራፎች ላይ ታየ። ዛሬ ሠንጠረዥ የምንለው ከዚያ ዓይነት ትዕግሥት የመጣ ነው።

ጠጣር ናሙና ሲሰጡሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አዲሱ ማሽን አልማዝ ላይ ናሙናውን ጫን አድርጎ ያነባል፣ ቀላል ነው። በየላቦራቶሪው በብዛት ያለው ግን ፖታሺየም ብሮማይድ በተባለው ጨው የሚሠራው ዘዴ ነው። ከናሙናው 1 ወይም 2 ሚሊግራም፣ ከዚያ ጨው 100 እስከ 200 ሚሊግራም ወስደሽ አጌት ከሚባል ጠንካራ ድንጋይ በተሠራ ሙቀጫ ትፈጪዋለሽ። መጀመሪያ በብርሃን ሲታይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ብልጭታው እስኪጠፋና ዱቄቱ ሙቀጫው ዳር ላይ እስኪለጠፍ ድረስ አታቁሚ። ከዚያ ቅርጹ ውስጥ አድርገሽ በፕሬስ ትጫኚዋለሽ። ነጩ ዱቄት ቀጭን መስታወት የመሰለ ክብ ሆኖ ይወጣል። ከጀርባው ጽሑፍ ማንበብ ከቻልሽ ጥሩ ነው። ደመና ከመሰለ መልሰሽ ፍጪው። ጨው የምንጠቀመው ኢንፍራሬድን ስለሚያሳልፍ ነው። ተራ መስታወት አብዛኛውን ይውጠዋል።

እዚህ ጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። ያ ጨው እርጥበት ይስባል። ዕቃው ክፍት ከዋለ 3400 እና 1640 አካባቢ የውሃ ፒክ ይመጣብሻል፤ አልኮል ያልሆነው ናሙናሽ አልኮል ይመስልሻል። ጨውን 110 ዲግሪ ላይ አድርቀሽ በዴሲኬተር፣ እርጥበት በማያስገባው ዕቃ፣ አስቀምጪ። 2350 አካባቢ ጥንድ ፒክ ካየሽ ደግሞ አትደንግጪ። የክፍሉ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የሁላችሁም ትንፋሽ ነው። ባክግራውንዱን፣ ናሙና ሳይኖር የሚነበበውን፣ እንደገና አንሺ። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ከአየሩ አብዛኛውን ይዘው ሳለ ግራፉ ላይ አይታዩም። ሁለቱ አተሞቻቸው አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሲነዝሩ የኤሌክትሪክ ሚዛናቸው አይዛነፍም። ያ ካልተዛነፈ ብርሃኑ የሚይዘው ነገር የለም።

ጥያቄ

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። ቅዳሜ ገበያ ቅቤ እየሸጥኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ቅቤው ከደምቢያም ከዳባትም ይመጣልኛል። አሁን ገዢው ሁሉ ሙዝ ገብቶበታል፣ የአትክልት ቅቤ ገብቶበታል እያለ ያስጨንቀናል። እኔ ራሴ ከሚያመጣው ሰው ስቀበል በእጄና በአፍንጫዬ ነው የማውቀው። በብርሃን የሚመረምር ማሽን አለ ይባላል። እውነት ይለየዋል?»
ቅቤ ነጋዴ፣ ከቅዳሜ ገበያ

መልስ

እትዬ፣ ይህ ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል። በሐሰት የተጠረጠረ ነጋዴ ገበያውን ያጣል፤ የተጭበረበረም ገዢ ገንዘቡን ያጣል። ስለዚህ ቁርጡን ልንገርዎ። ሙዙን ማሽኑ በቀላሉ ይይዘዋል። የአትክልት ቅቤው ላይ ግን ብዙ ሥራ አለበት።

ምክንያቱ ከላይ ለልጃችን የነገርኳት ነው። ማሽኑ ቦንድ ያያል እንጂ ይህ የላም ነው፣ ይህ የፋብሪካ ነው የሚል ስም አያይም። ቅቤ ስብ ነው። ስብ ደግሞ ኢስተር ነው። 1745 አካባቢ አንድ ትልቅ ካርቦኒል አለው። 2920 እና 2850 ላይ ከረጃጅም ሰንሰለቶቹ የሚመጡ ሁለት ሹል ፒኮች አሉት። ሙዝ ስታርችና ስኳር ነው። የሙዝ ቦንዶች በአብዛኛው ኦ–ኤች እና ሲ–ኦ ናቸው። 3300 አካባቢ ሰፊ ፒክ፣ ከ1000 እስከ 1150 ባለው ደግሞ ብርቱ የፒክ ክምር ይሰጣሉ። ንጹሕ የቅቤ ስብ እዚያ ቦታ ላይ እንዲህ ዓይነት ክምር የለውም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ፣ አሬራም ይቀራል። እነሱም ፒክ አላቸው። ስለዚህ ናሙናው ያለ ቅመም ይቀልጥ። ላይ የሚንሳፈፈው ስብ ለብቻ፣ ታች የሚዘቅጠው አተላ ለብቻ ይለካ። ሙዙ የሚዘቅጠው ታች ነው። ከላይ ያለውን ብቻ የለካ ሰው ምንም የለበትም ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

የአትክልት ቅቤውን እንይ። እሱም ስብ ነው፣ እሱም ኢስተር ነው። 1745ም አለው፣ 2920ም አለው። ሁለቱን ግራፎች ደራርበው ቢያዩ አንድ ይመስልዎታል። ልዩነቱ ያለው ጥቃቅኖቹ ላይ ነው። በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት የፋብሪካ ስብ 966 አካባቢ ትንሽ ፒክ ያሳያል። ትራንስ ከሚባለው የድርብ ቦንድ ዓይነት የሚመጣ ነው። ፈሳሽ የምግብ ዘይት ከተቀላቀለ ደግሞ 3008 አካባቢ ያለችው ትንሽ ፒክ ትጎላለች።

ግን እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ። የላም ቅቤም በተፈጥሮው ትንሽ ትራንስ አለው። ላሟ ስታመሰኳ በሆዷ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነው። 966 ላይ ትንሽ ነገር ስለታየ ብቻ «ይኸው ተያዘ» ብሎ ሰውን መክሰስ ነውር ነው። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ዓይን እያየ ከተናጠ ቅቤ ይጀመራል። በእሱ ላይ በታወቀ መጠን፣ መቶኛ 5፣ 10፣ 20 እያደረጉ የአትክልት ቅቤ ይቀላቅላሉ። ሁሉንም ይለካሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩ የግራፉን ቅርጽ ከመጠኑ ጋር ያዛምዳል። የገበያው ናሙና የሚዳኘው በዚያ ነው። የቅቤው ጠባይ በወቅቱና በመኖው ስለሚለዋወጥ የበጋውም የክረምቱም ቅቤ መካተት አለበት።

እርስዎ ዛሬ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ከእያንዳንዱ አምጪ ሲቀበሉ ትንሽ ለናሙና ያስቀሩ። ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው ቀኑንና የአምጪውን ስም ይጻፉበት፣ ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት። ክርክር ከመጣ ቅቤው የተቀላቀለው እርስዎ ጋ ነው ወይስ ከመምጣቱ በፊት የሚለው ሊጣራ የሚችለው ያ ናሙና ካለ ብቻ ነው። ደግሞም እጅዎንና አፍንጫዎን አይናቁት። ቅቤ ልዩ መዓዛ የሚኖረው አጫጭር ሰንሰለት ያላቸው አሲዶች ስላሉት ነው። የአትክልት ቅቤ እነዚያ የሉትም።

ጥያቄ

«በመጠጥ ውስጥ ሜታኖል ገብቶ ሰው ዓይኑ ጠፋ፣ ሞተ ሲባል እንሰማለን። በማሽተት ይለያል? በኢንፍራሬድስ?»
አንባቢ፣ ከአዘዞ

መልስ

በማሽተት አይለይም፣ በቀለምም አይለይም። በእሳት አንድዶ የነበልባሉን ቀለም አይቶ «ደህና ነው» የሚል ካለ አይመኑት።

ኢንፍራሬድ ሁለቱን ይለያል። ኤታኖልም ሜታኖልም ኦ–ኤች ስላላቸው 3300 አካባቢ አንድ ይመስላሉ። የሚለያዩት ሲ–ኦ ላይ ነው። ኤታኖል 1045 እና 1085 አካባቢ ሁለት ፒክ አለው። ሜታኖል 1020 አካባቢ አንድ ብርቱ ፒክ አለው። የሜታኖሉ መጠን ትንሽ ሲሆን ግን ፒኩ በኤታኖሉ ጥላ ሥር ይገባል። ለዚያ ጋዝ ክሮማቶግራፊ የተባለው መሣሪያ ይሻላል።

ከማሽኑ ይልቅ ይህን ያዙልኝ። ሜታኖል ሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀየራል፤ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው እሱ ነው። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚመጣው። የጠጣ ሰው ዓይኑ ከፈዘዘበት፣ ጭጋግ ነገር ታየኝ ካለ፣ ስካር ነው ተብሎ አይተኛ። ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂድ። መድኃኒት አለው፣ ግን ሰዓት አይጠብቅም።

ጥያቄ

«መምህር፣ ግንበኛ ነኝ። አሮጌ ግንብ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። አንዳንድ ቦታ ላይ ማያያዣው ኖራ ይሁን በኋላ የተጨመረ ሲሚንቶ ለመለየት ያስቸግራል። እንደነ ፋሲል ግቢ ባለ ሥራ ላይ ይህ ማሽን ይረዳል? ዕድሜውንስ ይናገራል?»
ግንበኛ፣ ከአራዳ

መልስ

ወንድሜ፣ ይህን ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 ሲቆረቁሩ ግንቡን ያያያዘው ኖራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጣሊያን ጊዜ የተደረገው ጥገና ግን ሲሚንቶ ያስገባ ነበር። ሲሚንቶ ጠጣር ነው፣ እርጥበት እንደ ኖራ አያስተነፍስም። ስለዚህ የትኛው የትኛው መሆኑን ማወቅ ለጥገናው ወሳኝ ነው።

የኖራውን ሕይወት አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ድንጋዩ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል። ውሃ ሲጨመርበት ይፈላል። ግንብ ላይ ሲውል ከአየሩ ያንኑ ጋዝ መልሶ እየወሰደ ይጠነክራል። ማሽኑ ይህን ጉዞ ያያል። ውሃ የጠጣ ኖራ 3640 አካባቢ ቀጭን፣ ሹል የኦ–ኤች ፒክ አለው። አየሩን ወስዶ ሲጠነክር ያ ፒክ እየጠፋ ይሄዳል። በምትኩ 1420 አካባቢ ሰፊ፣ 875 ላይ ሹል፣ 712 ላይ ትንሽ ፒክ ይመጣል። ሦስቱም የካልሳይት፣ የጠነከረው ኖራ ማዕድን፣ ናቸው። የሲሚንቶ ማያያዣ ደግሞ ሲሊኬት፣ ማለትም የሲሊኮንና የኦክስጅን ውህድ፣ ስለሆነ 970 አካባቢ ብርቱ ፒክ ይሰጣል።

ግን የእኛ አገር ድንጋይ ባዛልት ነው። አሸዋው ከእሱ ከመጣ እሱም ሲሊኬት ነው፤ 1000 አካባቢ ፒክ ይሰጣል። አሸዋው ሳይለይ የተፈጨ ናሙና ኖራውን ሲሚንቶ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ናሙናውን ቀስ አድርጎ ሰባብሮ፣ አሸዋውን በወንፊት ለይቶ፣ ደቃቁን ማያያዣ ብቻ መለካት ነው። ከዚያም በኋላ ማዕድናትን በክሪስታላቸው የሚለየው የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ምርመራ ቢጨመርበት እተማመናለሁ።

ዕድሜውን አይነግርህም። ካልሳይት ከ300 ዓመት በፊትም ካልሳይት ነው፣ ያምና ኖራም ሲጠነክር ካልሳይት ነው። ቦንዱ አንድ ነው።

ናሙናው ብዙ አይፈልግም፣ በሁለት ጣት ቆንጠር የተደረገ ይበቃል። ያም ቢሆን ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ውጭ ከግንቡ ላይ አትፋቅ። ፈቃድ ስታገኝ ከየትኛው ግድግዳ፣ ከምን ያህል ከፍታና ጥልቀት እንደወሰድክ ጻፍ፣ ፎቶም አንሣ። በናሙና ከረጢቱ ላይ «ግንብ» ብቻ ተጽፎ ከመጣ የላብራቶሪው ሰው ምንም ሊረዳህ አይችልም።